የናሶ ዝናብ

አንድ ምሳሌ ልንገራችሁ። ሰዎቹን የፈጠርኳቸው እኔ ነኝ፤ የሚኖሩበት ዓለም ግን እውነተኛ ነው።

በዋሽንግተን ከተማ ፓርኪንግ ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ የሠሩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ጡረታ በወጡ በዓመቱ ልጃቸውና አማቻቸው «አባባ፣ እስቲ ባሕር እናሳይዎት» ብለው ከባልቲሞር ወደብ በሚነሣ የሽርሽር መርከብ ይዘዋቸው ሄዱ። ከስድስት ዓመቷ የልጅ ልጅ ጋር አራት ነበሩ። መርከቧ እሑድ ከሰዓት በኋላ ተነሥታ በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ወርዳ፣ ፍሎሪዳንና ባሃማስን አሳይታ በሳምንቱ እሑድ ጠዋት ትመለሳለች። እንግዳው ሦስት ሺህ ነው፤ ሠራተኛው ከሺህ ይበልጣል። እንግዳው ከላይ፣ በአብዛኛው ባሕሩን በሚያሳይ ክፍል ያድራል፤ ሠራተኛው ከታች፣ መስኮት በሌለው ጠባብ ክፍል ውስጥ ሁለት ሁለት ሆኖ ይተኛል።

ክፍላቸውን የሚያዘጋጀው ልጅ ከፊሊፒንስ፣ ከኢሎኢሎ የመጣ ነበር። የአራቱንም ስም በመጀመሪያው ቀን ያዘ። ሽማግሌው ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው እንደሚጸልዩ በሁለተኛው ቀን ገባው፤ ከዚያ ወዲያ ጋሪውን በደጃቸው መግፋቱን ትቶ በወዲያኛው ኮሪደር ዞሮ መሄድ ጀመረ። ማንም አላዘዘውም። ሽማግሌው ራሳቸው ያወቁት ጋሪው ሲርቅ ሰምተው ነው።

ረቡዕ ማታ እራት ላይ የቀረበላቸውን ሥጋ ገፋ አደረጉት። አስተናጋጁ የሕንድ፣ የጎዋ ሰው ነው፤ ምን እንደጎደለ ጠየቃቸው።

«ምንም አልጎደለም ልጄ። ረቡዕና ዓርብ እጾማለሁ። ሥጋም፣ ወተትም፣ ቅቤም አልነካም» አሉት።

ጎንበስ ብሎ ሰማቸውና ሄደ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ በጎድጓዳ ሳህን ትኩስ ምስር ይዞ መጣ። በምግብ ዝርዝሩ ላይ ምስር የሚባል ነገር የለም። ሽማግሌው ቀመሱት፤ በርበሬ አይኑረው እንጂ የቤት ወጥ ነው። ዓርብ ማታ ደግሞ ማንም ሳይጠይቅ ያው ምስር ቃሪያ ተከትፎበት ከፊታቸው ተቀመጠ። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ከዚህ ቤተሰብ እጅ ለማንም አንድ ዶላር አልወጣም ነበር።

በመካከሉ ሐሙስ ባሃማስ፣ ናሶ ሲደርሱ ሰማዩ ተቀደደ። ለመዋኘት የተዘጋጀው ሁሉ ጃንጥላ ይዞ ሲንከራተት ዋለ። ሕፃኗ አለቀሰች፤ ሽማግሌው ግን በመስኮቱ ዝናቡን ሲያዩ ዋሉና ደስ አላቸው።

ቅዳሜ ከሰዓት የሒሳብ ወረቀት በበሩ ሥር ገባ። አማቹ አንሥቶ አነበበው። ኢንተርኔት፣ ፎቶግራፍ፣ የልጅቷ አይስክሬም፤ ከታች ደግሞ የሠራተኞች ጉርሻ፣ በሰው በቀን 18 ዶላር፣ አራት ሰው፣ ሰባት ቀን፣ በድምሩ 504 ዶላር።

«የስድስት ዓመት ልጅም ጉርሻ ትከፍላለች?» አለ። «ጉርሻ ሰው ወዶ የሚሰጠው ነው እንጂ ከሒሳብ ላይ የሚቆረጥ ነው እንዴ? ካልተፈለገ ማስነሣት ይቻላል ብለውኛል። አስነሥቼ ለልጁ በእጄ እሰጠዋለሁ።»

እንግዳ መቀበያው ዘንድ ሰልፍ ነበር። ሽማግሌውም እግራቸውን ለማፍታታት አብረው ወርደዋል። ከፊታቸው የቆመው ሰውዬ ተራው ሲደርስ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ናሶ ላይ ቀኑን ሙሉ ዘነበብን። ሳምንታችን ተበላሸ። ጉርሻውን አንሺልኝ» አለ። ከጠረጴዛው ኋላ የቆመችው የደቡብ አፍሪካ ልጅ ስለ ዝናቡ ማዘኗን ነገረችው፤ ከኮምፒዩተሯ አንድ ነገር ነካ አደረገች፤ ገንዘቡ ተነሣ። ቀጥሎ የመጣችው ሴትዮ ቡናው ይቀዘቅዝ ነበር አለች። ለእሷም ተነሣ።

አማቹ ቀረበ።

«ቅሬታ አለዎት?» ስትል ጠየቀችው።

«የለኝም። ሁሉም በጣም ጥሩ ነበር። በእጄ መስጠት ስለምፈልግ ነው።»

«መብትዎ ነው» አለች። ተነሣለት።

ሽማግሌው ዝም ብለው ሲያዳምጡ ነበር። የከነከናቸው ዝናቡ ነው።

ማታ ልጁ አልጋዎቹን ሊያነጥፍ ሲመጣ አማቹ መቶ ዶላር አጥፎ በእጁ አስጨበጠው። «ይህ የአንተ ነው፤ ለማንም እንዳታካፍል» አለው። ልጁ በሁለት እጁ ተቀበለና በትሕትና፣ «ጌታዬ፣ በሒሳብዎ ላይ ያለው እንዳለ ነው ወይስ ተነሥቷል?» ብሎ ጠየቀ። ተነሥቷል አለው። ልጁ ደግሞ አመሰገነና ወጣ። ሽማግሌው ከኮሪደሩ ጫፍ ሆነው ሲያዩት ከጋሪው ኪስ ፖስታ አወጣ፣ መቶውን ከተተ፣ የክፍሉን ቁጥር ጻፈበት፣ አሸገው።

ተከትለውት ሄዱ። «ምን እያደረግህ ነው ልጄ? የአንተ ነው ተብለህ የለም እንዴ?»

ልጁ ደንቡን ነገራቸው። በዚያች መርከብ የቀን ሒሳቡን ያስነሣ ክፍል በእጅ የሰጠው ገንዘብ ወደ ጋራ ሣጥን ይገባል። ሒሳቡ ሳይነካ በላዩ የተሰጠ ከሆነ ግን የተቀባዩ ነው።

«ታዲያ መቶው ለማን ሆነ?»

«ለሁላችንም።»

«አምስት መቶው ሲነሣስ ከማን ላይ ተነሣ?»

«ከሁላችንም» አለ ልጁ። ምሬት አልነበረበትም፤ የሥራውን ሰዓት የሚናገር ይመስል ነበር።

ሽማግሌው ሊለያዩ ሲሉ ያን ምስር ጠየቁት። የልጁ ፊት በራ። «እሱማ ከሠራተኞች ወጥ ቤት ነው! እዚያ የሚያበስለው የክፍሌ ጓደኛ ነው። አስተናጋጁ ሮጦ ወርዶ አንድ የሚጾሙ አባት አሉ ሲለው፣ ለእኛ የተሠራው ቅቤ አለበት ብሎ ለእርስዎ እንደ አዲስ ቀቀለ። ቃሪያውንም የጨመረው ራሱ ነው፤ የኢትዮጵያ ሰው የሚያቃጥል ምግብ ይወዳል ብሎ።» ሰውዬው ስምንተኛ ወሩ ነው አለ፤ እንግዳ በዓይኑ አይቶ አያውቅም። አንሶላውን የሚያጥበውም ከኢንዶኔዥያ፣ ከጃቫ የመጣ ሰው እንደዚሁ ከታች ነው፤ ወደብ ሲደረስ እንኳ የሚቀየረው አንሶላ ስለሚበዛበት የሚወጣበት ጊዜ የለውም።

ሽማግሌው ወደ ክፍላቸው አልተመለሱም። በሊፍቱ ወርደው እንግዳ መቀበያው ዘንድ ሄዱ። ሰልፉ አልቋል፤ ልጅቷ ብቻዋን ቆማለች።

«ልጄ፣ ቅድም ያስነሣነውን መልሺው። በዚህ ካርድ» አሏት።

ልጅቷ መጻፍ ጀመረችና ቆም አለች። ኮምፒዩተሩ ምክንያት ይጠይቃል። ለሚያስነሣ ሰው ብዙ ምክንያት ተደርድሯል፦ ምግብ፣ ክፍል፣ ጫጫታ፣ የአየር ጠባይ። ለሚመልስ የተዘጋጀ የለም። ብዙ ፈልጋ በመጨረሻ «ስሕተት ታርሟል» የሚለውን መረጠች።

«እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሉ ሽማግሌው። «ያ ዝናቡን ያማረረው ሰው ገንዘቡ ሲነሣለት የመርከቧ ባለቤት ስንት ከፈለ?»

«ባለቤቱ? ምንም። የባለቤቱ ቲኬቱ ላይ ነው። እሱ አይነሣም።»

«ዝናቡን የከፈላችሁት እናንተ ናችሁ ማለት ነው።»

ዝም አለች።

«ታዲያ አንቺ የማን ሠራተኛ ነሽ?»

ጥቂት አሰበች። «ሥራ ሳጠፋ የኩባንያው ነኝ። ክፍያዬ ሲታሰብ የእንግዳው ነኝ» አለች።

ሽማግሌው የአስተያየት ወረቀት ጠይቀው ቆመው ጻፉ። እንግሊዝኛቸው የፓርኪንግ እንግሊዝኛ ነው፤ ቀጥተኛ ነው። የአልጋውን፣ የምግቡንና የነዳጁን ዋጋ ቲኬቱ ላይ ጽፋችኋል፤ የሰዎቹንም እዚያው ጻፉት። ውድ ከሆነ ውድ ነው እንላለን፤ አቅም ያለው ይገዛል፣ የሌለው ይተዋል። የሌላ ሰው እንጀራ በእጄ ሰጥታችሁ ስፈልግ እንድከለክለው መብት አለህ አትበሉኝ።

እሑድ ጠዋት ከባልቲሞር ወደ ቤታቸው ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ በመኪና ሲመለሱ ልጃቸው የመጨረሻውን ሒሳብ ስታይ 504ቱን አየች። አማቹ ተቆጣ። የአክብሮት ቁጣ ነው፤ ቁጣነቱ ግን ቁጣ ነው።

«አባባ፣ እኔ ከሰዎቹ ጋር ጠብ የለኝም። ደሞዝ መክፈል የባለቤቱ ግዴታ ነው። እሱ ግን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ብሎ የራሱን ሸክም ለሦስት ሺህ እንግዳ አከፋፈለ። እኛ ከከፈልንለት ለዘላለም እንዲህ ይቀጥላል። እምቢ ስንል ነው የሚገደደው።»

«እውነትህን ነው፤ ዕዳው የባለቤቱ ነው» አሉ ሽማግሌው። «እኔም ለእሱ ጽፌለታለሁ። አንተ ግን እምቢ ያልከው እሱን አይደለም። እሱ አንተ እምቢ ማለትህን እንኳ አያውቅም። የሰማህ ያ ምስር የቀቀለልኝ ሰው ነው።»

መኪናው ውስጥ ዝም ተባለ። ቆይተው ቀጠሉ። «በፓርኪንጉ ሳለሁ በረዶ የዋጠውን መኪና በአካፋ አውጥቼለት ‹ቴንክ ዩ› ብሎኝ የሄደ ሰው አለ። ቁልፍ ብቻ አቀብዬው ሃያ ዶላር የሰጠኝም አለ። ሰው የሚሰጠኝ በእኔ ሥራ እንዳይመስልህ፤ በራሱ ቀን ነበር። ቀኑ የከፋበት ሰው የበዛ ዕለት ቤት ይዤ የምገባው ያንሳል። እኔ ግን በሁለቱም ቀን እኩል ነው የሠራሁት። የዚህችን ልጅ የትምህርት ቤት ገንዘብ በሰዎች ቀን ላይ ጥዬ ነው ያሳደግኋት።»

አማቹ አሁንም ሙሉ በሙሉ አላመነም። «መቶ ዶላሬስ?» አለ በመጨረሻ።

«እሱ አሁን ስጦታ ሆነ» አሉት። «ሒሳቡ ስለተመለሰ ልጁ ፖስታውን ከሣጥኑ ያወጣዋል። ለእሱ ብለህ የሰጠኸው ለእሱ ደረሰው።»

ምሳሌው ይህ ነው። ለምን እንደነገርኳችሁ በአጭሩ ልበል።

የሽማግሌው ጥያቄ፣ የማን ሠራተኛ ነሽ የሚለው፣ በእውነተኛው ባሕር ላይ መልስ እንዳያገኝ ሆኖ የተሠራ ነው። ከማያሚ፣ ከባልቲሞር፣ ከጋልቬስተን የሚነሡት መርከቦች አብዛኞቹ የሚያውለበልቡት የባሃማስን፣ የፓናማን፣ የቤርሙዳን ወይም የማልታን ባንዲራ ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ ማያሚ የሆነው የሽርሽር መርከብ ኩባንያ ሮያል ካሪቢያን በሕግ የተመዘገበው ላይቤሪያ ነው። ስለዚህ እንግዳው ከአሜሪካ ወደብ ይሳፈራል፣ በአሜሪካ ካርድ ይከፍላል፤ የአሜሪካ ዝቅተኛ ደሞዝ ሕግ ግን አልጋውን ወደሚያነጥፈው ሰው አይደርስም። የሚደርስለት እ.ኤ.አ. በ2006 ተፈርሞ በነሐሴ 2013 ሥራ ላይ የዋለው የባሕር ሠራተኞች ዓለም አቀፍ ስምምነት ነው። ያም ቢሆን በቀን እስከ 14 ሰዓት፣ በሳምንትም 72 ሰዓት ማሠራትን ይፈቅዳል። ለአንድ ብቁ መርከበኛ የተመከረው ዝቅተኛ የወር መነሻ ደሞዝ እ.ኤ.አ. በ2023 658 ዶላር ነበር።

ቀድሞ ጉርሻው በመጨረሻዋ ማታ በፖስታ ነበር የሚሰጠው፤ አንድ ለአስተናጋጁ፣ አንድ ለረዳቱ፣ አንድ ክፍሉን ለሚያዘጋጀው። አንሶላ የሚያጥበው ሰው ፖስታ አልነበረውም። ዛሬ በየቀኑ የሚታሰበው ሒሳብ በብዙ መርከቦች ላይ እንደ እሱ ላሉትም ይዳረሳል፤ ይህ መሻሻል ነው፣ መሻሻል ነው ማለትም ይገባል። ያልተሻሻለው፣ ገንዘቡ የደሞዝ ሥራ እየሠራ እንግዳው እንደ ስጦታ ሊከለክለው መቻሉ ነው።

የአገልግሎት ጥራትን የሚጠብቀው ይህ ፍርሃት ነው የሚሉ አሉ፤ ጉርሻው እንዳይቀር ሲሰጋ ሠራተኛው ይተጋል ይላሉ። በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ማይክል ሊን የተባሉ ፕሮፌሰር ለብዙ ዓመታት ጉርሻን ሲያጠኑ ያገኙት፣ በሬስቶራንት ውስጥ በጉርሻው መጠንና በአገልግሎቱ ጥራት መካከል ያለው ግንኙነት በጣም ደካማ መሆኑን ነው። ሽማግሌው በአካፋና በቁልፍ የተማሩት ይህንኑ ነው። ጋሪውን በሌላ ኮሪደር ያዞረው ልጅ ሲያዞር የሚያየው ሰው አልነበረም። ሙያውን የሚወድ ሠራተኛ በየሥራው አለ፤ እንዲህ ያለውን ሰው በርካሽ መያዝ የሚቻለው ክፍያውን ለሌላ ሰው ስሜት አሳልፎ በመስጠት ነው። እኔን የሚያስቆጣኝ ይህ ነው።

ነገሩ ከመርከቦቹ አልጀመረም። ጆርጅ ፑልማን ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ በመኝታ ባቡሮቹ ላይ ከባርነት የወጡ ጥቁር አሜሪካውያንን ቀጥሮ፣ የጎደለውን ደሞዛቸውን ከተሳፋሪው ጉርሻ እንዲሞሉ አደረገ። ለአሥርተ ዓመታት ፈገግ እያሉ ኖሩ። ኑሯቸውን የለወጠው የተሳፋሪው ቸርነት አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በ1925 በፊሊፕ ራንዶልፍ መሪነት ማኅበር አቋቋሙ፣ በ1937 ከኩባንያው ጋር ውል ተፈራረሙ፣ ደሞዛቸው ጨመረ፣ የሥራ ሰዓታቸውም ተቀነሰ። ልማዱ ግን ከባቡሮቹ ጋር አልቀረም። በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ጉርሻ ለሚቀበል ሠራተኛ ቀጣሪው እንዲከፍል የሚገደደው በሰዓት 2.13 ዶላር ከ1991 ጀምሮ ፈቅ አላለም። ዋሽንግተን ከተማ ላይ መራጩ ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ2018 ጉርሻ በሚቀበለውና በሌላው ሠራተኛ ዝቅተኛ ደሞዝ መካከል ያለውን ልዩነት ለማስቀረት ድምፅ ሰጠ፤ ምክር ቤቱ ሻረው። በ2022 እንደገና ሰጠ፤ በ2025 ምክር ቤቱ ይህንንም አለዘበው። በዚያ ከተማ የሬስቶራንት ባለቤት የሆኑም፣ ሬስቶራንት ውስጥ የሚያስተናግዱም ብዙ ወገኖቻችን ስላሉ ነገሩ የሩቅ ወሬ አይደለም።

በመርከብ የምትሄዱ ሰዎች ቲኬት ስትቆርጡ የሠራተኛውን ሒሳብ ከመጀመሪያው ደምራችሁ ቁጠሩት፤ ከዚያ ዋጋው ከበዛባችሁ ጉዞውን ተዉት እንጂ መጨረሻ ላይ ከሰዎቹ አትቀንሱት። ቅሬታችሁን ስሙን ጠርታችሁ ለባለቤቱ ጻፉ። ልዩ ደግነት ላሳያችሁ ሰው በእጃችሁ ስጡት፤ ከሒሳቡ በላይ ይሁን። ይህ ሁሉ የማይቻል ነው ለሚል፦ የብሪታንያው ፒ ኤንድ ኦ ክሩዝስ እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2019 ጀምሮ የቀን ጉርሻ ሒሳቡን ከእንግዳው ላይ አንሥቶ በቲኬቱ ዋጋ ውስጥ አስገብቶታል። መርከቦቹ ዛሬም ከሳውዝሃምፕተን ይነሣሉ።